የነሐስ ቅጂ ሥራዎችን በማስተዋል ስለ መግዛት፦ ዕድሜን ወይስ የእጅ ጥራትን?

በአዲስ አበባ ዋና ፖስታ ቤት አካባቢና በፒያሳ መደብሮች ከሚሸጡት የነሐስ ሥራዎች መካከል አብዛኞቹ ቅጂዎች ናቸው። መጾር መስቀሉ፣ የእጅ መስቀሉ፣ ጽናው፣ በፈረስ ላይ የተቀመጠው የዳግማዊ ምኒልክ ትንሽ ሐውልት፣ የይሁዳ አንበሳ ምስል፣ እነዚህ ሁሉ በአመዛኙ የዘመናችን እጅ ሥራዎች ናቸው። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ነውሩ የሚጀምረው ቅጂው ቅጂነቱን ሲክድ ነው። አዲስ የተሠራ መስቀል በአሲድ ተለብልቦ፣ በጭስ ጠቁሮ ወይም ለጥቂት ወራት በእርጥብ አፈር ተቀብሮ ከወጣ በኋላ «የሦስት መቶ ዓመት ዕድሜ አለው» ተብሎ ሲቀርብ፣ ገዢው የሚከፍለው ለእጅ ሥራው ሳይሆን ለተፈጠረለት ታሪክ ይሆናል።

እንዲህ ያለው ግብይት ሦስት ወገኖችን ይጎዳል። ገዢው ገንዘቡን ለሌለ ዕድሜ ይሰጣል። ሥራውን የሠራው አንጥረኛ በገዛ እጁ ሥራ ላይ ስሙን ማስቀመጥ አይችልም፤ ስሙ ከታየ የተፈጠረው ዕድሜ ይፈርሳልና። ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ግን በገጠር ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ላይ ነው፤ «አሮጌ» የሚለው ቃል በገበያ ዋጋ እስካገኘ ድረስ እውነተኛው አሮጌ ንዋየ ቅድሳት የሌባ ምኞት ሆኖ ይኖራል። መፍትሔው ቅጂን መናቅ አይደለም። ቅጂን በቅጂነቱ መግዛት፣ ዋጋውንም በጥራቱና በሠሪው ማንነት መተመን ነው።

ከቁራሌው እስከ መስቀል

በአዲስ አበባ ምዕራብ የሚገኘው ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የስሙ ሁለተኛ ክፍል መስቀል የቆመበትን ኮረብታ ያስታውሳል፤ የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ ስም ይጠራል። መስቀል በስሙ ውስጥ ያለበት ይህ አካባቢ በገበያ ላይ ያለው መስቀል ከምን እንደሚሠራ ለመረዳትም ምቹ ነው። በኮልፌ፣ በአየር ጤናና በቤተል መንደሮች «ቁራሌው!» የሚል ጥሪ ሲሰማ የቤት እመቤቶች የተሰበረ የቧንቧ ራስ፣ ያረጀ ቁልፍ፣ የማይሠራ የላምባ ምድጃ ያወጣሉ። በረጲ አካባቢ ባለው ቆሼ ለአሥርት ዓመታት የከተማዋ ቆሻሻ ሲከመር፣ ከክምሩ ውስጥ ብረታ ብረት እየለቀሙ የሚተዳደሩ ወገኖች ነበሩ፤ በመጋቢት ወር 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጡት በዚሁ ስፍራ ነው። እንዲህ ከየመንደሩ የተሰበሰበው ብረታ ብረት ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራና መሰል ገበያዎች ይሄዳል፤ እዚያ ተለይቶ፣ ተመዝኖ፣ ለሚቀልጠውና ለሚቀጠቀጠው ሥራ ይሸጣል።

ስለዚህ በመደብር መስታወት ውስጥ የሚያብረቀርቀው መስቀል ትናንት የውኃ ቧንቧ የነበረ ሊሆን ይችላል። የተተኮሰ ጥይት ቀለህም እንዲሁ ይቀልጣል፤ ቀለህ የሚሠራው 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ካለበት ቅይጥ ነውና ለአንጥረኛ ጥሩ ጥሬ ዕቃ ነው። የጦር መሣሪያ ቁራጭ ወደ መስቀልነት መለወጡ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ እንዲያውም ሻጩ ሊደብቀው ሳይሆን ሊናገረው የሚገባ ታሪክ ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአማርኛ «ነሐስ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ቅይጦችን ይሸፍናል። አንደኛው መዳብ ቲን ከተባለው ማዕድን ጋር የተቀየጠበት ነው፤ የትልልቅ ሐውልቶች ባህላዊ ብረት ይህ ሲሆን መልኩ ወደ ቡናማ ያደላል። ሁለተኛው መዳብ ከዚንክ ጋር የተቀየጠበት ነው፤ ቢጫነቱ ወርቅ ይመስላል። በአዲስ አበባ ገበያ በብዛት የሚገኘው ሁለተኛው ነው። ሁለቱም መልካም ብረቶች ናቸው፤ ነገር ግን ዋጋቸውም ጠባያቸውም አንድ አይደለም። ገዢ «ነሐስ ነው» በሚለው መልስ ሳይረካ የትኛው እንደ ሆነ መጠየቅ አለበት። የቧንቧ ዕቃዎች ብዙ ጊዜ ጥቂት እርሳስ ስለሚጨመርባቸው፣ ከየት እንደ መጣ ካልታወቀ ነሐስ የተሠራ ጽዋ ለጌጥ እንጂ ለመጠጫ ባይውል ይመረጣል።

የብረቱ ዕድሜና የሥራው ዕድሜም የተለያዩ ናቸው። ነሐስ ይቀልጣል፣ እንደገና ይፈስሳል፣ ሌላ ነገር ይሆናል። የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና ከቤጃ ዘመቻው በኋላ አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ሐውልቶች ማቆሙን በድንጋይ ላይ አስጽፏል። ዛሬ ሐውልቶቹ የሉም። እ.ኤ.አ. በ1906 አክሱምን ያጠናው የጀርመን ቡድን ግን ርዝመቱ 92 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእግር ማረፊያ የተቀረጸበት የሐውልት መቆሚያ ድንጋይ መዝግቧል። ድንጋዩ ቀርቷል፤ በላዩ የቆመው ሐውልት የት እንደ ደረሰ የሚናገር የለም። «ብረቱ ጥንታዊ ነው» የሚል ሻጭ እውነት ቢናገር እንኳ ስለ ሥራው ዕድሜ የሚያረጋግጠው ነገር የለም።

ሰሙና ወርቁ

ቅኔ የሚያውቅ ሰው «ሰምና ወርቅ» የሚለውን አነጋገር ያውቃል፤ ምሳሌው የተወሰደው ከአንጥረኛው ቤት መሆኑን ግን ሁሉም አያስታውስም። አንጥረኛው መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ ጭቃው ሲደርቅ በእሳት ያሞቀዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ስፍራ የቀለጠ ብረት ይፈስሳል። በመጨረሻም ጭቃው ይሰበራል። እያንዳንዱ ሥራ የራሱን ሰምና የራሱን ጭቃ ይፈልጋል፤ በዚህ መንገድ የተሠሩ ሁለት መስቀሎች መንታ ሊመስሉ ይችላሉ እንጂ በምንም ረገድ አንድ አይሆኑም።

ሌሎች መንገዶችም አሉ። በአሸዋ ውስጥ በተጫነ ቅርጽ ማፍሰስ ይቻላል፤ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ የቅርጽ ግማሾች በተገናኙበት ላይ መስመር ይተዋል፤ መስመሩ በሞረድ ካልጠፋ በጣት ይዳሰሳል። ከነሐስ ዝርግ ላይ በመቁረጥና በመሮ በመቅረጽም መስቀል ይሠራል፤ ይህኛው ጠፍጣፋ፣ ቀላል፣ ጠርዙም ስለት ያለው ይሆናል። ሦስቱም ሐቀኛ ሙያዎች ናቸው። ስሕተቱ ከዝርግ የተቆረጠውን በሰም በተሠራው ዋጋ መግዛት ነው።

ከተጠናቀቀ ሥራ ላይ ቅርጽ ተወስዶ የሚፈስስ ቅጂ ደግሞ የራሱ ምልክት አለው። የመዳብ ቅይጦች ሲቀዘቅዙ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ ያህል ይኮማተራሉ። ስለዚህ 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ መስቀል ላይ የተወሰደ ቅጂ ከምንጩ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ያጥራል፤ የቅጂው ቅጂ ደግሞ ይበልጥ ያጥራል። ከማጠሩም ጋር ጥቃቅኑ ሐረግ ይደበዝዛል፣ የመሮው ስለታም ጠርዝ ይዶለዱማል። በሙዚየም ከተመዘገበ ሥራ ጋር «ያው ነው» የሚባል ዕቃ ሲቀርብ የታተመውን ልኬት ከዕቃው ጋር ማነጻጸር ለገዢው ከብዙ ንግግር ይበልጥ ይጠቅመዋል።

የተሠራ ዕድሜ እንዴት ይታወቃል?

እውነተኛ ዕድሜ በአገልግሎት ይጻፋል። የእጅ መስቀል ለዘመናት ሲሳለሙት የሚያልቀው ካህኑ የሚይዘው እጀታና ምእመኑ ከንፈሩን የሚያሳርፍበት ስፍራ ነው፤ በሐረጎቹ መካከል ያለው ጎድጓዳ ቦታ ግን እጅም ከንፈርም አይደርስበትም። መጾር መስቀልም የሚያልቅበት ቦታ የታወቀ ነው፤ እንጨቱ የሚገባበት ውስጠኛ ክፍልና መጎናጸፊያው የሚታሰርባቸው የታችኞቹ ክንፎች ናቸው። የተሠራ ዕድሜ ይህን ሥርዓት አያውቅም። መጥቆሩ በሁሉም ቦታ እኩል ይሆናል፤ ወይም መፋቁ ማንም በማይነካው ስፍራ ይገኛል። በአሲድ የወጣ አረንጓዴ ዝገት ብዙ ጊዜ እንደ ዱቄት ነው፤ በእርጥብ ጥጥ ቢነካ ይለቃል። በዘመን የዳበረው ከብረቱ ጋር የተዋሐደ ነው፣ በቀላሉ አይለቅም።

ብረቱን ለመለየት የሚረዱ ቀላል ዘዴዎችም አሉ። ማግኔት ከተሳበ በውስጡ ብረት አለ፤ ካልተሳበ ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም፤ ዚንክና አሉሚኒየምም አይሳቡምና። የተሻለው መፈተኛ ሚዛንና ውኃ ነው። ዕቃው ይመዘናል፤ ከዚያም እስከ አፉ በተሞላ ዕቃ ውስጥ ተነክሮ የፈሰሰው ውኃ ይለካል። 850 ግራም የሚመዝን የነሐስ መስቀል 100 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ያፈስሳል። ያው ክብደት ያለው የዚንክ ቅይጥ 127 ሚሊ ሊትር ያህል፣ አሉሚኒየም ደግሞ 315 ሚሊ ሊትር ያህል ያፈስሳል። የነሐስ ዱቄት ከሙጫ ጋር ተደባልቆ የሚፈስስባቸው ትናንሽ የፈረሰኛ ሐውልቶችም ከድፍን ነሐስ የበለጠ ውኃ ያፈስሳሉ። ውስጡ ክፍት ሆኖ አየር የታሰረበት ወይም የጭቃ አስኳል የቀረበት ሥራ ሲሆን ይህ መፈተኛ ያሳስታል፤ ለድፍን መስቀል ግን የታመነ ነው።

ቤተ ሙከራ ያላቸው ተቋማት ከዚህ የራቀ ሊሄዱ ይችላሉ። ዕቃውን ሳይጎዳ የቅይጡን ይዘት በኤክስሬይ የሚያነብ መሣሪያ አለ። ንጹሕ ዚንክ በብዛት ከመመረቱ በፊት በጥንታዊው ዘዴ የተሠራ ነሐስ የዚንክ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ28 ወይም 30 በመቶ አያልፍም ነበር፤ በዘመናዊ ፋብሪካ የሚወጣው ግን እስከ 40 በመቶ ይደርሳል። 38 በመቶ ዚንክ ያለበት መስቀል የአምስት መቶ ዓመት ዕድሜ ሊኖረው አይችልም። በአንጻሩ ከቀለህ የፈሰሰ አዲስ መስቀል የዚንክ መጠኑ 30 በመቶ ስለሚሆን ይህን ፈተና ያልፋል። መሣሪያው ሐሰትን ያፈርሳል እንጂ ብቻውን እውነትን አያጸናም።

ሻጩ እውነቱን ከሆነስ?

እስካሁን የታየው ሻጩ ሲዋሽ ነው። እውነቱን ሲናገር ጉዳዩ ይብሳል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በማንም ይዞታ ቢገኝ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትንም ይከለክላል። እንግዲህ «የሦስት መቶ ዓመት መስቀል» ያለ ምዝገባና ያለ ማስረጃ በመደብር ጓዳ ሲቀርብ ገዢው ከሁለት አንዱ ላይ ይወድቃል። ነገሩ ሐሰት ከሆነ ተታልሏል፤ እውነት ከሆነ የተሰረቀ ንዋየ ቅድሳት እጁ ገብቷል ማለት ይሆናል። ለገዢው የሚበጅ ሦስተኛ መንገድ የለም።

የላሊበላው «አፍሮ አይገባ» መስቀል ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1997 ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰረቀ፤ ከአገር ወጥቶ አንድ የቤልጂግ ሰብሳቢ ገዛው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ተመለሰ። የተመለሰው በዓለም የታወቀ መስቀል ስለ ነበረ ነው። ፎቶግራፍ የሌላቸው፣ በመዝገብ ያልሰፈሩ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት መስቀሎች ቢጠፉ የሚፈልጋቸው ሰው ምን እንደሚፈልግ እንኳ ማስረዳት ይቸግረዋል። በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለሚሳለምበት ደብር ወይም ለቤቱ መስቀል ሲገዛ «አሮጌ ይሁን» ማለቱ ሳያውቀው ይህን ሰንሰለት ይመግባል። ቤተ ክርስቲያን መስቀልን የምታከብረው በዕድሜው አይደለም፤ ትናንት ተሠርቶ ዛሬ ጸሎትና ቡራኬ የተደረገበት መስቀል ከጥንቱ ያነሰ መስቀል አይደለም።

ማኅተም ያለው ቅጂ

በሌሎች አገሮች ይህ ችግር መልክ የያዘው ቅጂን በመከልከል ሳይሆን ቅጂነቱን በማሳወቅ ነው። በፈረንሳይ ከአንድ የቀራጭ ሞዴል የሚፈስሱ ሐውልቶች እስከ 12 ብቻ እንደ ወጥ ሥራ ይቆጠራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ ድንጋጌ ደግሞ ከዚያ ውጭ የሚሠራ ማንኛውም ግልባጭ «ቅጂ» የሚል ቃል በማይፋቅ ሁኔታ እንዲጻፍበት ያዝዛል። በናይጄሪያ ቤኒን ከተማ በኢጉን መንገድ የሚሠሩ የነሐስ አፍሳሾች ማኅበር አባላት ደግሞ የአያቶቻቸውን የቤተ መንግሥት ሥራዎች እየደገሙ ዛሬም ይሸጣሉ፤ ጥንታዊዎቹ በለንደንና በበርሊን ሙዚየሞች መያዛቸው የአዲሶቹን ሠሪዎች ሙያ አላጠፋውም።

በኢትዮጵያ ለዚህ ሐሳብ የሚቀርቡ ተቃውሞዎች ሁለት ናቸው። አንዳንዶች «ንዋየ ቅድሳትን ለመታሰቢያ ዕቃነት ማባዛት ክብሩን ይነካል» ይላሉ። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ቅጂነቱ በግልጽ የተጻፈበት ዕቃ ከመቅደስ ከወጣ ዕቃ ጋር ስለማይምታታ ክብሩን ይጠብቃል እንጂ አይነካም። ሌሎች «ማኅተም ከተደረገበት ማን ይገዛዋል? የድኻው አንጥረኛ እንጀራ ይቋረጣል» ይላሉ። ይህ ክርክር አንጥረኛውን የሚጠቅም ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ከተፈጠረው ዕድሜ የሚገኘውን ትርፍ በአብዛኛው የሚወስደው ታሪኩን የሚናገረው መካከለኛ ሻጭ ነው። ለአንጥረኛው የሚቀረው የክብደትና የቀን ዋጋ ነው።

የአንጥረኛ ስም መደበቅ በአገሪቱ ረጅም ታሪክ አለው። ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ ሸማ የሚሸምን ሰው በሙያው ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ ሙያን በሥራው መስደብ ከልክለዋል። ስድቡ በአዋጅ ቢከለከልም ስም አልባነቱ ግን በገበያው ውስጥ ቀጥሏል። ሠሪው በሕይወት ያለ፣ ሥራው ግን «የሞቱ ሰዎች ሥራ» ተብሎ የሚሸጥበት ንግድ የዚያ ንቀት ሌላ መልክ ነው። በአንጻሩ ሠሪው የታወቀ መስቀል ሁለተኛ ገዢ ያመጣል፤ የተሰበረው ይጠገናል፤ ወጣት ሙያተኛም ከማን ሊማር እንደሚችል ያውቃል።

ይህን ለመጀመር አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም። በእያንዳንዱ ሥራ ጀርባ ወይም እጀታ ሥር አራት ነገሮች ቢቀረጹ በቂ ነው፤ የሠሪው ምልክት፣ የተሠራበት ዓመት፣ የብረቱ ዓይነትና «ቅጂ» የሚለው ቃል። ለመጥረቢያና ለማረሻ የማያስፈልግ ጥንቃቄ ለመስቀልና ለሐውልት የሚያስፈልገው የኋለኞቹ በዕድሜ ስም ስለሚነገድባቸው ነው። እንደ ኮልፌ ቀራንዮ ያሉ ክፍለ ከተሞች የአነስተኛ ኢንተርፕራይዝ ጽሕፈት ቤቶች ምልክቶቹን በመዝገብ ሊይዙ፣ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት የማኅተም አቀራረጽን ሊያስተምሩ ይችላሉ። በዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ፣ የኬሚስትሪና የቅርስ ጥናት ክፍሎች ያሉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም በገበያ ያለውን ነሐስ ይዘት ቢመረምሩና የገጠር ደብሮችን መስቀሎች በልክና በፎቶግራፍ ቢመዘግቡ፣ የጠፋ ዕቃ ሲገኝ ማወቂያ ይኖራል።

ገዢው ደግሞ በራሱ በኩል የሚያደርገው አለ። ሱቅ ሲገባ «ስንት ዓመቱ ነው?» ከማለት ይልቅ «ማን ሠራው? በምን መንገድ? ከምን ብረት?» ብሎ ይጠይቅ። ሻጩ በዕድሜ የሚምል ከሆነ የምዝገባ ማስረጃ ይጠየቅ፤ ማስረጃ ከሌለ ዕቃውን ባለበት ይተወው። ሻጩ «አዲስ ነው፣ እገሌ ሠራው» ካለ ግን ያንኑ ቃል በደረሰኝ ላይ አስጽፎ፣ ጥሩ ዋጋ ሰጥቶ ይውሰደው። ደረሰኙ ከአገር ሲወጣ በጉምሩክ ለሚነሣበት ጥያቄ ይረዳዋል። ጥንታዊ የሚመስል ዕቃ ሲሆን ግን ከመንገዱ በፊት ለቅርስ ባለሥልጣን አሳይቶ ማረጋገጫ መቀበል ይኖርበታል።